የፍሬን ካሊፐር፦ ቀለም ይቀባ ወይስ ፓውደር ኮቲንግ ይሰራለት? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሎይ ቸርኬ ገጥማችሁ በክፍተቱ ውስጥ የዛገ ካሊፐር (ፍሬን ስትረግጡ ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚያጣብቀው ብረት) ብቅ ሲል ያበሳጫል። ከዚያ ጥያቄው ይጀምራል፤ ቀይ ልቀባው? ፓውደር ኮቲንግ ላሰራው? ፍሬኑን አያበላሽብኝም? የእኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር፦ ካሊፐሩ በሌላ ምክንያት የሚፈታ ካልሆነ መኪናው ላይ እንዳለ በብሩሽ ቀቡት። ፓውደር ኮቲንግ የሚያዋጣው ካሊፐሩ ለጥገና ሙሉ በሙሉ ተበትኖ ጠረጴዛ ላይ ሲሆን ነው። ምክንያቱን ከታች ታገኙታላችሁ።

ሁለቱ በምን ይለያያሉ?

ቀለሙን ታውቁታላችሁ። ፈሳሽ ነው፣ በብሩሽ ወይም በስፕሬይ ይቀባል፣ ይደርቃል። ለካሊፐር ተብሎ ከሚሸጠው ውስጥ ጥሩው ባለ ሁለት ጣሳ ኤፖክሲ ነው። ቀለሙና ማጠንከሪያው ተደባልቀው ነው የሚቀቡት፣ አንዴ ከተደባለቀ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም፤ ስልክ ስታወሩ ከቆያችሁ ጣሳው ውስጥ ይደርቅባችኋል።

ፓውደር ኮቲንግ ደረቅ ዱቄት ነው። ዱቄቱ በኤሌክትሪክ ተሞልቶ ይረጫል፣ አርዝ የተደረገው ብረት ላይ ይለጠፋል፣ ከዚያ ብረቱ ኦቨን ይገባና ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግሎ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ሲቆይ ዱቄቱ ቀልጦ አንድ ወጥ ሽፋን ይሆናል። ባለቀለም የአሉሚኒየም መስኮትና የቢሮ ብረት ሼልፍ የሚሰራው በዚሁ መንገድ ነው። ሽፋኑ ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 100 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ይወፍራል። በወረቀት ሲነበብ ትንሽ ቁጥር ነው፣ ፍሬን ውስጥ ግን ትንሽ አይደለም።

የትኛው ይቆያል?

በደንብ ከተሰራ ፓውደር ኮቲንግ። ጠጠር ሲመታው ቶሎ አይላጥም፣ ሲታጠብ ይጠራል፣ መልኩም እኩል ነው። ችግሩ አንዴ ከተሰነጠቀ ነው። ውሃ በስንጥቁ ገብቶ ከስር ዝገት ይጀምራል፣ ከላይ ምንም አይታይም፣ አንድ ቀን ሽፋኑ እንደ ቅርፊት በአንድ ላይ ይነሳል። በብሩሽ ነካ ነካ አድርጎ እንደነበረ መመለስም አይቻልም፤ አስልጦ እንደገና ኦቨን ማስገባት ነው። የብሩሽ ቀለም ግን በተላጠበት ቦታ በአሸዋ ወረቀት አሽታችሁ፣ ጠርጋችሁ፣ ደግማችሁ ትቀቡታላችሁ። ለእኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ካሊፐሩን ሳልፈታ ፓውደር ኮቲንግ ይቻላል?

አይቻልም። "ይቻላል፣ ፒስተኑን በፕላስተር ሸፍነን እናስገባዋለን" የሚል ባለሙያ ካገኛችሁ አመስግናችሁ ሂዱ።

ካሊፐር ውስጥ ጎሚኒ አለ። አንዱ ሸራውን ወደ ዲስኩ የሚገፋውን ፒስተን ዙሪያውን ይዞ የፍሬን ዘይቱ እንዳይወጣ የሚከለክለው ባለ አራት ማዕዘን ቀለበት ነው፣ ሌላው አቧራ የሚከለክለው ከውጭ ያለው ሽፋን። ሁለቱም ብዙውን ጊዜ ኢፒዲኤም ከሚባል ጎማ ነው የሚሰሩት፣ ይሄ ጎማ ደግሞ 150 ዲግሪ አካባቢ ላይ አቅሙ ያልቃል። 200 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ስታስገቡት ይደርቃል፣ ይጠነክራል። መጀመሪያ ምንም ላይመስል ይችላል። በኋላ ያንጠባጥባል።

አንድ ነገር ጠጋ ብለን እንይ። ፍሬን ስትረግጡ ፒስተኑ ወደፊት ይሄዳል፤ ስትለቁት ማን ይመልሰዋል? ስፕሪንግ የለም። ያ ባለ አራት ማዕዘን ጎሚኒ ነው የሚመልሰው። ፒስተኑ ሲወጣ አብሮት ይጠማዘዛል፣ ግፊቱ ሲለቀቅ ወደ ቅርጹ ሲመለስ ፒስተኑን ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ወደኋላ ይስበዋል። ይህችው ናት ዲስኩን ከፍሬን ሸራው የምታላቅቀው። አሁን ጎሚኒው በሚቀመጥበት ቦይ ውስጥ ዱቄት ገብቶ ቢቀልጥ ጎሚኒው እንደልቡ መጠማዘዝ አይችልም፣ ፒስተኑ አይመለስም፣ ፍሬኑ ሳትረግጡትም እንደያዘ ይቀራል። ሸራው ያልቃል፣ ዲስኩ ይግላል፣ ነዳጅ ይበላል። ባለቤቱ ግን ካሊፐሩ ቀይ ስለሆነ ደስ ብሎታል።

ስለዚህ ፒስተኑ፣ ጎሚኒዎቹ፣ ተንሸራታች ፒኖቹ ከነጎማቸው፣ በፍሬን ዘይቱ ውስጥ የገባ አየር የሚለቀቅባት የአየር ማስወጫዋ ቡሎን፣ ሸራው ከነክሊፑ፣ ሁሉም ይወጣል። ባዶ ብረት ብቻ ነው ኦቨን የሚገባው። ሲመለስ አዲስ የጎሚኒ ኪት ይገባለታል። አሮጌውን መልሶ መክተት ልፋቱን ገደል መክተት ነው።

የትኞቹ ቦታዎች ቀለምም ዱቄትም መንካት የለባቸውም?

ይሄኛው ለሁለቱም ይሰራል፣ ለዱቄቱ ግን ይብሳል፣ ወፍራም ነውና። የፒስተኑ ጉድጓድና ቦዩ ተነጋግረናል። የዘይት ቱቦው በመዳብ ዋሸር የሚታሰርበት ፊት ንጹሕ ብረት መሆን አለበት፣ አለበለዚያ ያንጠባጥባል። ዋሸሩም በተፈታ ቁጥር በአዲስ ይቀየራል፤ ርካሽ ነው፣ አትከራከሩ። የአየር ማስወጫዋ ጥርስ፣ የፒኖቹ ጉድጓድ፣ የሸራው ጆሮ የሚንሸራተትበት ቦታ ሁሉም ባዶ ይቀራሉ። የሸራው ጆሮ ቦታ ላይ ቀለም ካለ ሸራው እንደ ልቡ ወደፊት ወደኋላ አይልም፣ በአንድ ጎን ይበላል።

የሚረሳው ደግሞ ካሊፐሩ ከመኪናው ጋር በቡሎን የሚታሰርበት ፊት ነው። ቡሎኑን በወፍራም ሽፋን ላይ ካጠበቃችሁት ሽፋኑ በጊዜና በሙቀት እየተጨፈለቀ ይሄዳል፣ ቡሎኑ ይላላል። የፍሬን ቡሎን ሲላላ ምን እንደሚሆን አልነግራችሁም። ዲስኩ የሚቀመጥበትና ቸርኬው የሚያርፍበት ፊትም እንደዚሁ፤ እዚያ ያለ ቀለም ዲስኩን ያዛባል፣ መሪው ፍሬን ስትይዙ ይንቀጠቀጣል።

ሙቀቱን ይችላሉ?

ብዙ ሰው የሚጨነቀው እዚህ ላይ ነው፣ ግን የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። ዲስኩ በጣም ይግላል፣ ካሊፐሩ ግን ከዲስኩ በጣም ያነሰ ነው የሚግለው። ከተማ ውስጥ ከመገናኛ ቦሌ ስትሉ የካሊፐሩ ሙቀት ለማንኛውም የካሊፐር ቀለም ቀልድ ነው።

ቁልቁለት ሌላ ጉዳይ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ስትወርዱ ከ1000 ሜትር በላይ ከፍታ ነው የምትጥሉት፣ ፍሬን ላይ ብቻ ተኝታችሁ ከወረዳችሁ ሽታው ራሱ ይነግራችኋል። ግን አስቡት። ዶት 3 የፍሬን ዘይት አዲስ ሆኖ ቢያንስ 205 ዲግሪ ላይ እንዳይፈላ ይጠበቅበታል፣ ውሃ ሲጠጣ ደግሞ መስፈርቱ ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 አዲስ 230፣ ውሃ የጠጣ 155። ካሊፐሩ ለቀለሙ የሚያሰጋ ሙቀት ላይ ከደረሰ ዘይቱ ቀድሞ ይፈላል፣ ፔዳሉም ወለሉ ላይ ይደርሳል። ያን ጊዜ የቀለሙ ነገር ማንም ትዝ አይለውም። ማርሽ ቀንሳችሁ በሞተር ያዙት፣ ዘይቱንም በየሁለት ዓመቱ ገደማ ቀይሩት።

ተራ ፖሊስተር ዱቄት የተጋገረው 200 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ከዚያ በላይ ደጋግሞ ሲግል መልኩ ይለወጣል። ሲሊኮን ያለባቸው ለ500 ዲግሪ ገደማ የተሰሩ ዱቄቶች አሉ፣ ግን የቀለም ምርጫቸው ጠባብ ነው፤ ጥቁርና ግራጫ ከወደዳችሁ ጥሩ።

የፍሬን ዘይት ቢፈስበትስ?

ዶት 3ም ዶት 4ም ቀለም ይበላሉ። የመኪናችሁን ቦዲ ቀለም ራሱ ያነሳሉ። አየር ስታስወጡ የፈሰሰውን ወዲያው በብዙ ውሃ እጠቡት። ኤፖክሲውና ዱቄቱ ከተራ ስፕሬይ የተሻለ ይቋቋማሉ፣ ግን ሌሊቱን ሙሉ ቢተኛባቸው ለሁለቱም ዋስትና የለም።

ራሴ ቤት መቀባት እችላለሁ?

ትችላላችሁ። የሚያስፈልገው ችኮላ አለመኖሩ ነው። ሜዳ ቦታ ላይ አቁሙ፣ በሌሎቹ ጎማዎች ስር ድንጋይ አድርጉ፣ በክሪክ ብቻ አትመኑ፣ ማቆሚያ አስገቡለት። ጎማውን አውጡ።

ከዚያ ጽዳት ነው፤ ሥራው ይሄ ነው፣ መቀባቱ ቀሪው ትንሽ ነገር ነው። መጀመሪያ በውሃና በሳሙና እርጥብ አድርጋችሁ አጽዱት። በኮምፕሬሰር አትንፉት፣ የሸራ ብናኝ ሳንባ ውስጥ የሚገባ ነገር አይደለም፤ የአንዳንድ አሮጌ ሸራ ብናኝ ደግሞ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። ከዚያ በሽቦ ብሩሽ የላላውን ዝገት እስኪለቅ ፈትጉት፣ የጎማ ሽፋኖቹን ግን በሽቦ አትንኩ። ጥግ ጥጉን በድሮ የጥርስ ብሩሽ። በመጨረሻ የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ ነጭ ጨርቅ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ጥረጉ። ቅባት ያለበት ብረት ላይ የተቀባ ቀለም በመጀመሪያው የመኪና እጥበት ይረግፋል።

ጎማዎቹን፣ የአየር ማስወጫዋን፣ ቱቦውንና ዲስኩን በወረቀትና በፕላስተር ሸፍኑ። ብሩሽ ከሆነ ብዙ መሸፈን አያስፈልግም፣ ለዚህም ነው ብሩሹን የምመርጠው፤ ስፕሬይ ያላሰባችሁበት ቦታ ሁሉ ይገባል። ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ በጣሳው ላይ የተጻፈውን ያህል ጠብቁ፣ ድገሙት። አንዴ ወፍራም ከቀባችሁት ወርዶ እንደ እንባ ይደርቃል። ኤፖክሲው ለስለስ ያለ ስለሆነ የብሩሹን መስመር ራሱ ያጠፋዋል። ጎማውን ከመመለሳችሁ በፊት በጣት ሲነካ አለመጣበቁን ብቻ ሳይሆን በእውነት መድረቁን እዩ፤ አንድ ሙሉ ቀን ብትሰጡት አትጎዱም። ክረምት ላይ በአዲስ አበባ ብርድና ዝናብ ይዘገያል፣ ከጥቅምት በኋላ ብትጠብቁ ይሻላል።

ጎማው ሲመለስ ቡሎኖቹን በመስቀል ቅደም ተከተል አጥብቁ፣ ትንሽ ነድታችሁ እንደገና ፈትሹ።

መርካቶ የምገዛው ተራ ስፕሬይ አይሆንም?

ለጥቂት ወር ይሆናል። ከዚያ ይጠወልጋል፣ የፍሬን ዘይት ጠብታ ካገኘው ደግሞ በዚያው ቀን። የሙቀት መጠን የተጻፈበትን ግዙ። አንዳንዱ የሙቀት ቀለም ካልተጋገረ አይጠነክርምና ጀርባውን አንብቡት፤ "በኦቨን ይጋገር" የሚል ከሆነ መኪና ላይ ላለ ካሊፐር አይሆንም።

በቤንዚን ባጸዳውስ? ጋራዥ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው

አውቃለሁ፣ ብዙ ቦታ እንደዚያ ነው። ኢፒዲኤም ጎማ ግን ከነዳጅና ከሞተር ዘይት ጋር አይስማማም፣ ይነፋል። የተነፋ ጎሚኒ ፒስተኑን ጨምድዶ ይይዘዋል። ባዶ ብረት ከሆነ ቤንዚኑ ብረቱን አይጎዳውም፣ እሳቱ ግን አለ። ጎሚኒ ያለበት ካሊፐር ላይ ግን ቤንዚንም ናፍጣም አታስጠጉ። የፒኖቹ ግሪስም እንደዚሁ፣ የኩሽኔታ ግሪስ ሳይሆን ለፍሬን የተሰራው ሲሊኮን ያለበት ግሪስ ነው።

የቤት ኦቨን ውስጥ መጋገር ይቻላል?

ዳቦ የሚጋገርበት ከሆነ አይቻልም። ጭሱ ይቀራል። ሚስት ወይም እናት ሳታውቅ እንኳ አይሆንም፣ ታውቃለች።

ፓውደር ኮቲንግ ቤት ስሄድ ምን ልጠይቅ?

መጀመሪያ ካሊፐር ሰርተው ያውቃሉ ወይ። መስኮት የሚሰራ ሰው ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ ግን መስኮት ፒስተን የለውም። ሁለተኛ፣ ጉድጓዶቹን በምን ይሸፍናሉ? ሙቀት በሚችል የሲሊኮን ቡሽና ቴፕ ካሉ ደህና ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ልምድ ያለውን ከሌለው ይለያል፤ ከመርጨታቸው በፊት ባዶውን ብረት አንዴ ይጋግሩታል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ካሊፐር በፈሰሰ ብረት የተሰራ ነው፣ በውስጡ ጥቃቅን ቀዳዳ አለው፣ ለዓመታት ዘይት ጠጥቷል። ቀድሞ ካልተጋገረ ያ ዘይትና አየር ዱቄቱ በሚቀልጥበት ሰዓት እየወጣ ሽፋኑ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ይሰራል። ከቀዳዳው ዝገት ነው የሚቀጥለው።

በአሸዋ ካስነፉት ደግሞ ከፋብሪካ የመጣ የዚንክ ሽፋን ካለው አብሮ ይሄዳል፣ ስለዚህ ከዱቄቱ ስር ፀረ ዝገት ፕራይመር ይግባበት። ሲመለስላችሁ የዘይት መንገዶቹን ሁሉ አጥባችሁ በአየር ንፉ፤ አንዲት የአሸዋ ፍሬ ውስጥ ከቀረች ፒስተኑን ትቧጥጣለች።

የአሉሚኒየም ካሊፐር አለኝ፣ የፍሬን አምራቹ ብሬምቦ ዓይነት። ያው ነው?

አይደለም፣ ጠንቀቅ በሉ። ብዙዎቹ ሁለት ግማሽ ተገጥመው የተሰሩ ናቸው፣ በመሃላቸው ዘይት የሚያልፍበት ትንሽ ጎሚኒ አለ። ሳይከፈል ቢጋገር ያ ጎሚኒ ይሄዳል፣ ለመክፈል ደግሞ አምራቾቹ አይመክሩም። አሉሚኒየሙም ጥንካሬውን ያገኘው በሙቀት ነው፣ 200 ዲግሪ ላይ ሲቆይ ከጥንካሬው ሊቀንስ ይችላል። እኔ ብሆን በብሩሽ እቀባዋለሁ።

የኋላውስ?

የኋላ ካሊፐር ብዙ ጊዜ የእጅ ፍሬን አሠራር በውስጡ አለው፤ ወይ በገመድ የሚሳብ ወይ በትንሽ ሞተር የሚሰራ። መፍታቱ ከፊቱ ይከብዳል፣ ሞተሩ ደግሞ ኦቨን አያይም። መቀባት ግን ቀላል ነው።

ቪትዝ የያዛችሁ፣ ከኋላ የምታዩት አብዛኛውን ጊዜ ታምቡር ነው፣ ካሊፐር የለውም። የሚያስቀው፣ ዘመናዊው የኤሌክትሪክ መኪና ፎልክስዋገን አይዲ 4 እንኳ ከኋላ ታምቡር ነው። ታምቡሩን ከውጭ በሙቀት ቀለም መቀባት ይቻላል፣ ጥቁር ወይ ግራጫ ያምርበታል። ቀይ የተቀባ ታምቡር ላይ አስተያየቴን ለራሴ ላስቀር።

የኤሌክትሪክ መኪና ነው የያዝኩት፣ ምን ልዩነት አለው?

እግራችሁን ስታነሱ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይዞ ስለሚያዘገየው ፍሬኑ እምብዛም አይሰራም፣ እምብዛም አይግልም። ስለዚህ ለቀለሙ ይመቻል፣ ለዝገት ግን ይጋለጣል፤ ሸራው ዲስኩን እየጠረገ አያጸዳውም። ካሊፐሩ ከተፈታ ግን አየር ማስወጣቱ በብዙዎቹ ላይ በኮምፒውተር ትእዛዝ ነው የሚሰራው። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሲስተም) ባላቸው የቤንዚን መኪኖችም ይሄ አንዳንዴ ይመጣል። ኮምፒውተር የሌለው ጋራዥ ቱቦውን አይፍታባችሁ።

ፍሬኑ በደንብ እንዲይዝ ያደርገዋል?

አያደርግም።

አሜሪካ ነኝ፣ ክረምት ላይ በረዶ ለማቅለጥ መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል። ለእኔም ብሩሽ ነው?

እናንተ ጋ ጨዋታው ትንሽ ይለወጣል። ዋሽንግተን አካባቢም ሆነ ሚኒሶታ የመንገድ ጨው ካሊፐርን ይበላል፣ ስለዚህ ጥሩ ፕራይመር ያለው ፓውደር ኮቲንግ ትርጉም አለው። ግን እዚያ ሌላ ምርጫ አላችሁ፤ ታድሶ ቀለም የተቀባ ወይም የተሸፈነ ካሊፐር ተዘጋጅቶ ይሸጣል፣ አሮጌውን መልሳችሁ ማስያዣችሁን ትወስዳላችሁ። አሮጌውን ለማስጋገር ከምትደክሙ ዋጋውን አወዳድሩ። በየክረምቱ መጨረሻም የመኪናውን ሆድ በውሃ አስመቱት።

ምን ቀለም ልምረጥ?

ቀይ ይታያል፣ ግን በሙቀት ከጊዜ ብዛት ወደ ቡኒ ይሄዳል። ነጭ ይቢጫል። ቢጫ የሸራ ብናኝ ያጋልጣል። ጥቁርና ጥቁር ግራጫ ሁሉን ይሸፍናሉ። የታዋቂ ፍሬን አምራች ስም ያለበት ስቲከር መለጠፍ የእናንተ ፋንታ ነው፣ የሚያውቅ ሰው ግን ፒስተን ይቆጥራል።

ያገለገለ መኪና ልገዛ ነው፣ ካሊፐሩ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ልጠርጥር?

ቀለም በራሱ ወንጀል አይደለም፣ ግን ጎንበስ በሉ። የአየር ማስወጫዋ ቡሎን በቀለም ተደፍናለች? የጎማ ሽፋኖቹ ላይ ቀለም አለ? የቱቦው መታሰሪያ አካባቢ እርጥበት ወይም የተነሳ ቀለም ከታየ ዘይት እያንጠባጠበ ነው ማለት ነው። ከዚያ ለ10 ደቂቃ ያህል ንዱት፣ ፍሬን ሳታበዙ፣ አቁሙና እጃችሁን ሳታስነኩ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጉት። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚያቃጥል ከሆነ ፍሬኑ አልለቅ ብሎ ይዟል፣ የመኪናውን ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ሜካኒክ ጋ ውሰዱት።